የወተት ሹፌር

ሮም፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ በጓደኛዬ በብርክቲ ቡና ቤት ተቀምጬ ሳለ አንዲት ወጣት መጥታ ከጎኔ አረፍ አለች። ሮም ከገባች ገና ወራት ነው። ሥራ ፍለጋ ላይ ስለነበረች ቀድመናት የመጣነውን ሁሉ ትጠይቃለች።

«ማዘር፣ እርስዎም ባዳንቴ ነበሩ?» አለችኝ። ባዳንቴ ማለት እዚህ አገር አዛውንትና ሕመምተኛ የምትጠብቅ ሠራተኛ ናት፤ የብዙዎቻችን እንጀራ ከዚያ ነው የወጣው።

«ነበርኩ። ኋላ ሹፌር ሆንኩ።»

«የማን ሹፌር?»

«የወተት።»

ልጅቷ ወደ ብርክቲ ዞረች። ብርክቲ ብርጭቆ እያጠበች፣ «እውነቷን ነው፤ ቦቴ ነበር የምትነዳው። እዚህ በር ላይ አቁማው ቢሆን ኖሮ ፀሐይ አይገባልንም ነበር» አለቻት።

ለልጅቷ በአጭሩ ነገርኳት። እዚህ ግን ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ማንም አያቻኩለኝም።

ስሜ ዘነበች ነው። ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ አካባቢ ነው። አባቴ መካኒክ ነበሩ። ምሳቸውን የማደርስላቸው እኔ ስለነበርኩ፣ በልተው እስኪጨርሱ የተፈታ ሞተር አጠገብ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። መንካት ክልክል ነው። «ቀሚስሽን ዘይት ያበላሸዋል» ይሉኛል። መስማት ግን ማንም አልከለከለኝም፤ እዚያ ጋራዥ ውስጥ የሚጠራውን ዕቃ ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ።

ሮም የገባሁት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። ባለቤቴ ከጦር ሜዳ አልተመለሰም። የአራት ዓመት ልጄን ሜሮንን ለእናቴ ሰጥቼ፣ «ትንሽ ሠርቼ እወስድሻለሁ» ብያት ወጣሁ። ከመካከላችን እንዲህ ሳትል የመጣች የለችም። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ አሠሪዋ ቤት የምታድር ሴት የራሷ ቤት እንደሌላት ነው፤ ቤት የሌላት ደግሞ ልጄን ላምጣ ብላ ማመልከት አትችልም። ደሞዙም ቤት አያስከራይም። ስለዚህ ዓመታት አለፉ፤ ሜሮን በስልክ አደገች።

ከሁለት ቤት በኋላ ፒየትራላታ ሰፈር፣ ሶር ኔሎ ቤት ገባሁ። ሮማውያን አዛውንቱን «ሶር»፣ አሮጊቷን «ሶራ» ይላሉ፤ እኛ ጋሼና እትዬ እንደምንለው። የምጠብቀው ባለቤታቸውን ሶራ ኢዳን ነበር። ግራ ጎናቸው አይሠራም፣ ከንግግራቸውም ጥቂት ቃል ብቻ ነው የቀረው። ሶር ኔሎ ራሳቸው ግን ጤነኛ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ፣ አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሰው፤ እጃቸው ሥራ ሲያጣ የሚጨነቁ።

አንድ ጠዋት አሮጌ መኪናቸው አልነሣ አለቻቸው። ኮፈኑን ከፍተው ይሳደባሉ። ሶራ ኢዳን በጋሪ ወንበራቸው ፀሐይ ላይ አውጥቼ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሶር ኔሎ ሳያዩኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉና፣ «ካቻቪቴውን» አሉ፤ ለራሳቸው ነበር የተናገሩት። ከመሣሪያው መካከል መፍቻውን አንሥቼ አቀበልኳቸው። ቀና አሉ።

«ማን አስተማረሽ ይህን ቃል?»

«ማንም። እኛ ጋ ካቻቢቴ ነው።»

«ካቻቢቴ?»

«ፍሬንም ፍሬን ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ…»

«ይሄ እኮ ጣልያንኛ ነው!»

«እኛ ጋ አማርኛ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። ፈሳሽ የሚጭነውን መኪና ምን ትሉታላችሁ ብለው ሲጠይቁኝ «ቦቴ» ብል ደግሞ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ለእሳቸው ቦቴ የወይን ጠጅ በርሜል ነው። ከዚያ ኮስተር አሉና፣ «አሎራ፣ እንግዲህ መኪናው በሙሉ አፍሽ ውስጥ አለ። የሚጎድልሽ ግሱ ብቻ ነው» አሉኝ።

ነገሩ በቀልድ ያልቅ ነበር፤ ሶራ ኢዳ ባይኖሩ። ከጋሪያቸው ላይ ሆነው፣ እያንዳንዷን ቃል በመከራ እያወጡ፣ «ኔሎ… አስተምራት» አሉ። ሶር ኔሎ ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ሥራ የፈታ እጃቸውን ሶራ ኢዳ ከእኛ በፊት አይተውት ነበር መሰለኝ።

መጀመሪያ የትንሿን መኪና ፓቴንቴ፣ መንጃ ፈቃዱን፣ አወጣሁ፤ ከዚያ የከባዱን፣ ከዚያ የተሳቢውን። መንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከከባዱ ተማሪዎች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የመጀመሪያውን የጽሑፍ ፈተና ወደቅሁ፤ ቃሉን ሳውቅ ጥያቄው ጠፍቶኝ። ሁለተኛውን አለፍኩ። ያስቸገረኝ ተሳቢ ይዞ በኋላ ማርሽ መሄድ ነበር። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ትንሽ ካበዛህ ይታጠፍና አንገቱን ይሰብራል። ሶር ኔሎ የሶራ ኢዳን ሁለት የመድኃኒት ካርቶን በመርፌ ቁልፍ አያይዘው፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከምሳ በኋላ ያሠሩኝ ነበር። በስኳር ዕቃውና በጨው ዕቃው መካከል አስገቢ ይሉኛል። ሲታጠፍብኝ ሶራ ኢዳ በግማሽ ፊታቸው ይስቃሉ። ሳስገባ ጠረጴዛውን በቀኝ እጃቸው መታ መታ ያደርጉታል።

እሑድ እሑድ የአንድ ወዳጃቸው ግቢ፣ ቪያ ቲቡርቲና መንገድ ዳር፣ እውነተኛው መኪና ላይ ያወጡኛል። እዚያ ያየሁት ልማዳቸው እስከ መጨረሻው ቀን አልተለየኝም። ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ በእግር ይዞሩታል። የመዶሻ እጀታ የሚያህል እንጨት ይዘው እያንዳንዱን ጎማ ይመቱና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ ነፋሱ የሞላ ጎማ ይጮኻል፣ የጎደለው እንደ ትራስ ዝም ይላል። የኋላ ማርሽ ከማስገባታቸው በፊት ይወርዳሉ። «መስታወት የሚያየውን ብቻ ነው የሚያሳይሽ፤ የማያየውን ለማየት ውረጂ» ይላሉ። ቁልቁለት ሲወርዱ ደግሞ፣ ያንኑ ዳገት ለመውጣት በሚያስገቡት ማርሽ ነው የሚወርዱት። «ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ ማርሽ የሚፈልግ ሹፌር ዘግይቷል» ይላሉ። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ሲነዱ አያወሩም። ወሬ የሚፈልግ ሰው መኪናው እስኪቆም ይጠብቃል።

ብርክቲ ነገሩን ስትሰማ፣ «አንቺ ሴትዮ አብደሻል እንዴ? ሰው ወንበር እያለው ተራራ ላይ ይወጣል?» አለችኝ። ብርክቲ አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች ናት፤ ስትቆጣ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ግን ፓቴንቴውን ያወጣሁ ቀን ቡና ቤቷ ውስጥ ለገባው ሁሉ አሳየችው።

ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ የቤት ሠራተኛ የሚለውን ለማስቀየር ስንት ቢሮ እንደተመላለስኩ አልተርክም፤ የተመላለሰ ያውቀዋል። በመጨረሻ አንድ ትንሽ የጭነት ድርጅት ቀጠረኝ። ሥራው ከሮም በስተ ደቡብ ካሉ ገበሬዎች ወተት ሰብስቦ ከተማ ማድረስ ነው። ሶራ ኢዳን ለሌላ ሴት አስረክቤ፣ ፖንቴ ማሞሎ አንድ ክፍልና ወጥ ቤት ተከራየሁ። ኮንትራቶ አለኝ፣ ቤት አለኝ፤ ወዲያው የሜሮንን ጉዳይ አመለከትኩ። ለእሷም በስልክ «ዘንድሮ» አልኳት። ያችን ቃል ከዚያ በፊት ብያት አላውቅም ነበር።

ሥራውን ወደድኩት። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ከመኪናው ሌላ ሰው ይወርድ እንደሆነ አንገታቸውን እያሰገጉ ያያሉ። በኋላ ለመዱኝ፤ አንዷ የገበሬ ሚስት ትኩስ ሪኮታ አይብ በቅጠል ጠቅልላ ትሰጠኛለች። እኔም መኪናዬ ላይ እንደ ንግሥት ከፍ ብዬ ተቀምጬ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ከገበሬዎቹ የአንዱ ላሞች ታመው ወተት አልሰጠም፤ ሌላውም አሳነሰ። ቦቴው እስከ ግማሹ ብቻ ሞላ። ጭነቱ ቀለለልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የነዳጅ ቦቴ ብዙውን ጊዜ ሆዱ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው፤ ፈሳሹ ሲሮጥ ግድግዳው ይይዘዋል። የእኔ የወተት ቦቴ ግን መታጠብ ስላለበት ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ ነበር። ሙሉ ሲሆን ወተቱ መሄጃ የለውም፣ አርፎ ይቀመጣል። ግማሽ ሲሆን ግን ውስጡ ባሕር ነው። ይህን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ወደ ራኮርዶ፣ ሮምን ወደሚዞረው አውራ ጎዳና በሚያስገባው ጥምዝ ላይ፣ ከፊቴ ያለች ትንሽ መኪና ድንገት ቆመች። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዬ ቆመ፤ ወተቱ አልቆመም። መጀመሪያ ከኋላ እንደ በሬ ገፋኝ። እንዳልመታቸው መሪውን ጠመዘዝኩ። ወተቱ ሄዶ ተመለሰና ወደ ጎን ተኛ፤ መኪናውም አብሮት፣ እኔም አብሬ።

ከዚያ በኋላ ጸጥታ ነበር። በተሰነጠቀው መስታወት ነጩ ወተት በአስፋልቱ ላይ ቁልቁል እየወረደ ቦይ ውስጥ ሲገባ አየሁ። ከትንሿ መኪና ባልና ሚስት ወርደው እየሮጡ መጡ። ሚስትየዋ እጄን ይዛ አምቡላንስ እስኪደርስ ታለቅሳለች፤ እኔ «አይዞሽ» እላታለሁ፣ በአማርኛ። ከእኔ በቀር የተጎዳ አልነበረም። ቀኝ ትከሻዬ ተሰብሯል።

አለቃዬ ሆስፒታል መጣ። አልጮኸም። «ሴት ቀጥረህ ነው ይሉኛል» አለና ኮቱን አስተካክሎ ወጣ። ሥራው በዚያ አበቃ። ኮንትራቶው ሲቀር የሜሮን ማመልከቻም ቀረ።

ልጄን መንገር ነበረብኝ። ብርክቲ ተርሚኒ አጠገብ ወዳለው የስልክ ሱቅ ይዛኝ ሄደች፤ ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ሜሪ፣ ዘንድሮ አይሆንም» አልኳት።

«ለምን?» አለች።

«መኪናው ተገለበጠብኝ። ሥራ የለኝም።»

«ተጎዳሽ?»

«ትንሽ፣ ትከሻዬን።»

«ስልኩን በየትኛው እጅሽ ነው የያዝሽው?»

«በግራ።»

«እንግዲያው ትንሽ አይደለም» አለች። ጉንፋን ይዟት ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ፣ «እኔ እቆያለሁ፣ እማዬ። እዚህ ምንም አልሆንም። አንቺ ብቻ አትሙቺ» አለችኝ። ከሱቁ ስወጣ ብርክቲ ክንዷን በጤነኛው ክንዴ አስገብታ እስከ ሜትሮው ሸኘችኝ።

ትከሻዬ ከዳነ በኋላ የሕንፃ ደረጃ መጥረግ ጀመርኩ። ተመልሼ መሪ የምይዝ አልመሰለኝም። ከፖንቴ ማሞሎ ጣቢያ ስወጣ ከባድ መኪና ሲያልፍ ካየሁ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

ሶር ኔሎ አንድ ቀን ቤቴ መጡ። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያ አስነገሩኝ፤ ጥምዙ ላይ በስንተኛ ማርሽ እንደነበርኩ፣ ወተቱ መጀመሪያ ወዴት እንደገፋኝ። እንደ ሐኪም ነበር የሚጠይቁት። ስጨርስ፣ «እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ደረቅ ጭነት ነው የጫንኩት። ፈሳሽ አላውቅም። አላውቀውም ብዬ ግን ልነግርሽ ይገባ ነበር» አሉ።

«እርስዎ ምን አደረጉ? መኪናውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ሁለታችንም አናውቅም። ታዲያ እንማራ!»

ሰባ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ጠያይቀው ጠያይቀው ኦስቲያ አንድ ጡረተኛ የቦቴ ሹፌር አገኙ፤ አብረን ሄድን። ሰውዬው ግማሽ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ እየገፋ ያሳየን ጀመር። ሶር ኔሎ መነጽራቸውን አድርገው አጎንብሰው ያያሉ። «ፍሬን ሁለት ጊዜ ነው የሚያዘው» አለ ሰውዬው። «መጀመሪያ ለስለስ አድርገሽ ለወተቱ ትነግሪዋለሽ። ሄዶ ሲመለስ ጠብቀሽ መኪናውን ታቆሚያለሽ። ከቆመ በኋላ ደግሞ እግርሽን ቶሎ አታንሺ፤ ማዕበሉ ገና አልጨረሰም።» ሶር ኔሎ ጠርሙሱን ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት። ስንመለስ ባቡር ውስጥ ሁሉ ግማሽ የውሃ ጠርሙስ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፌርማታ በቆመ ቁጥር ያዩት ነበር።

በየሄድኩበት መቀጠር እምቢ ተባልኩ። ቪያ ሳላሪያ ዳር ማሪሳ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት የወተት መኪናዎች አሏት ሲሉ ሰማሁና ሄድኩ። እኩያዬ ናት፤ ድምፅዋ ወፍራም፣ ሲጋራ ከእጇ የማይለይ። ሶር ኔሎ «ሳትጠየቂ ተናገሪ» ብለውኝ ስለነበር ገና ሳልቀመጥ፣ «እኔ መኪና ገልብጫለሁ» አልኳት።

«ምን ጭነሽ?»

«ወተት። ግማሽ።»

«ለምን እንደተገለበጠ ታውቂያለሽ?»

አስረዳኋት። ጠረጴዛዋ ላይ ጠርሙስ ነበር፤ እሱን አጋድሜ አሳየኋት። ማሪሳ ሲጋራዋን ረግጣ አጠፋችና፣ «ገልብጦ የማያውቅ ሹፌር ያስፈራኛል፤ መገልበጡን ለእኔ መኪና አስቀምጦት ይሆናል። ሰኞ ነይ» አለች።

እዚያው ነው ጡረታ የወጣሁት።

ሜሮን የመጣችው ማሪሳ ዘንድ ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ በሩ ሲከፈት ትንሽ ልጅ ስፈልግ በቁመት የምትበልጠኝ ኮረዳ ከፊቴ ቆመች። መጀመሪያ ያወቅኋት በድምፅዋ ነው፤ ድምፅዋን በየሳምንቱ ሳሳድገው ኖሬያለሁ። ተቃቅፈን ከጨረስን በኋላ እጄን ይዛ አገላበጠችው። ጥፍሬ ሥር የገባው ግራሶ በሳሙና አልለቀቀም ነበር። «እማዬ፣ የአባባ እጅ ነው የሚመስለው» አለች። አባባ የምትላቸው አባቴ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ያችን ቃል ስትላት ሻንጣ የሚገፉት ሁሉ እስኪያዩን ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። የመጀመሪያው ዓመት ቀላል አልነበረም። ቋንቋው ከበዳት፤ እኔም የማላውቃት ልጅ እናት ሆንኩ። ተጣልተናል፣ ታርቀናል። ዛሬ ነርስ ናት፤ ስትቆጣ በጣልያንኛ ነው፣ ስትለምነኝ በአማርኛ።

ስለ ማሪሳ ቤት ዓመታት ብዙ ይወራል፤ እኔ አንዷን ቀን ብቻ ልንገራችሁ። ሶራ ኢዳ ካረፉ በኋላ ሶር ኔሎ ከቤት መውጣት ትተው ነበር። ማሪሳን ለምኜ አንድ ጠዋት ይዣቸው ወጣሁ፣ ሪየቲ ተራሮች ላይ ወዳሉ ገበሬዎች። ሲሳፈሩ እጀታውን ይዘው ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ እንዳልረዳቸው በዓይናቸው ከለከሉኝ። ስንመለስ ቦቴው ግማሽ ነው፤ ቁልቁለቱ ረዥም ነው፤ ዝናብ ይዘንባል።

ከላይ ገና ሳንጀምር ማርሹን ቀነስኩ። አልተናገሩም። ሲነዳ እንደማይወራ እኔም አውቃለሁ። በዓይኔ ጠርዝ ግን ቀኝ እግራቸው ይታየኛል፤ በየጥምዙ ወለሉን ይጫናል፣ ፍሬን እንዳለ። በመጀመሪያው ጥምዝ ተጫነ፣ በሁለተኛው ተጫነ። ለወተቱ እየነገርኩ፣ ሲመለስ እየጠበቅሁ ወረድኩ። የተራራው ግማሽ ላይ ስንደርስ እግራቸውን አየሁት። ቆሟል። ጉልበታቸውን ፈታ አድርገው ዝናቡን በመስኮት ያያሉ።

ታች ስንደርስ መኪናውን አቆምኩ። «እህ?» አልኳቸው።

«ርቦኛል» አሉ። ቤት ሳደርሳቸው ለልጃቸው ምን እንዳሉት በኋላ ሰማሁ፤ እዚህ አልጽፈውም፣ የራሴ ነው። በሚቀጥለው ክረምት አረፉ። በቀብራቸው ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ልጃቸው መጥቶ ከቤተሰቡ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ማሪሳ ወደ ባሕሩ ዳር መንገድ ቀየረችኝ። ከቴራቺና ወዲያ ካለው ሜዳ የጎሽ ወተት አመጣለሁ። የዚያን መንገድ ጉድጓድ ሁሉ አውቃለሁ፤ የቱ ጥምዝ ላይ ዘይት እንደሚያንሸራትት፣ የቱ ድልድይ ላይ ነፋስ ከጎን እንደሚመታ። አንድም ጊዜ አልገለበጥኩም። የመጨረሻው ቀን ቦቴውን አጥቤ፣ ቁልፉን ለማሪሳ ሰጥቼ፣ አብረን ምሳ በልተን ተለያየን። አላለቀስንም። ማሪሳ፣ «ነገ ጠዋት እንደ ልማድሽ እንዳትመጪ» ብቻ ነው ያለችኝ።

ባለፈው በጋ ብርክቲ ቡና ቤቷን ለአንድ ቀን ዘጋችና በአውቶቡስ ወደዚያው ወሰደችኝ። እኔን በመስኮቱ በኩል አስቀመጠችኝ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ጥምዙን ለስለስ አድርጎ ይይዛል፣ ስለ እሱ አልተጨነቅሁም። ከአንድ የመንገድ ዋሻ ስንወጣ ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። ከመንገዱ ሥር፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው እስኪመስለኝ ድረስ፣ ሰማያዊ ሆኖ እስከ ሰማዩ ተዘርግቷል። ጀልባ አለ፣ የሚዋኙ ልጆች አሉ።

«ብርክቲ!» አልኳት ክንዷን ይዤ። «ይሄ ባሕር ሁልጊዜ እዚህ ነው?»

ብርክቲ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ነበር። ፊቴን ስታየው ግን ሳቋን ተወችና፣ «እዚሁ ነው፣ ዘንዬ። አንቺ መንገዱን ስታዪ ነው የኖርሽው» አለች።

እስክንደርስ ድረስ ዓይኔን ከመስኮቱ አላነሣሁም።